መምህር ሲመዘን የተማሪ ግምገማ ግማሹን ነጥብ መያዙ ልክ ነው ትላላችሁ?

ጠያቂ፦
ሰላም ጀመዓ። ከደሴ እየተመላለስኩ ኮምቦልቻ ታች ተርሞዳይናሚክስ አስተምራለሁ፤ የተቋሙን ስም ልተወው። እኛ ጋ የመምህር ውጤት 50 በመቶ ከተማሪ፣ 35 ከትምህርት ክፍል ኃላፊ፣ 15 ከባልደረባ ነው። ዘንድሮ ከሲኒየር የተገለበጠ የላብ ሪፖርት አልቀበልም ብዬ አስደገምኳቸው። የተማሪ ነጥቤ ዘጭ አለ። ያምናውን ፈተና ደግሞ የሚያወጣው ጓደኛዬ ከሁላችንም በልጧል። (ሲያስረዳ ጎበዝ ነው፣ አልዋሽም።)

ያናደደኝ ግን ቅጹ ነው። «መምህሩ በቂ እውቀት አለው ወይ?» ይላል። የሁለተኛ ዓመት ልጅ ይህን በምን ይመዝነዋል? በሰዓቱ መግባቴን፣ ፈተና ቶሎ አርሜ መመለሴን ይጠየቅ፤ እሱን ያያል። የፈተናዬን ክብደት የሙያው ሰው ወረቀቱን አገላብጦ ይፍረድ።

መልስ 1፦
አብሽር ወንድሜ። እኔን የሚያስፈራኝ 35ቱ ነው። ኃላፊው የስንቱን ክፍል ገብቶ አይቶ ነው የሚሞላው? ስብሰባ የማይቀር ሰው ጥሩ መምህር ይባላል፣ አለቀ። ስለተማሪው ካነሳህ፣ በካናዳ የራየርሰን ዩኒቨርሲቲ መምህራን ማኅበር ጉዳዩን ለግልግል ወስዶት በ2018 እ.ኤ.አ. ረትቷል። የተማሪ ግምገማ ለደረጃ እድገት የማስተማር ብቃት መለኪያ እንዳይሆን ተወሰነ።

መልስ 2፦
«ቶሎ መመለሱን ያያል» ያልከው ላይ አልስማማም። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣ የአሜሪካ ጥናት አለ። ተማሪ ፊታቸውን በማያይበት የኦንላይን ኮርስ ሁለት ረዳት መምህራን፣ አንድ ወንድ አንዲት ሴት፣ ለአንዱ ቡድን በራሳቸው፣ ለሌላው በተለዋወጡት ስም አስተማሩ። እርማቱ እኩል ጊዜ ነው የተመለሰው። ሆኖም በፍጥነት ከ5 «ወንዱ» 4.35፣ «ሴቷ» 3.55 አገኙ። በትምህርት ክፍላችን ያለነው ሴት መምህራን ጥቂት ነን፤ ነገሩ ይገባሃል።

መልስ 3፦
ተማሪ ነኝ፣ አትቆጡኝ። እኛ ጋ ግምገማውን ካልሞላህ ግሬድ አይታይም። ዶርም ተኝተን፣ ዳታ እየቆጠረብን፣ ሁሉንም «4» ብለን እናልፋለን። ኮርሱ አልቆ የለ፣ ብንጽፍስ ለማን ይጠቅማል?

ጠያቂ፦
እህቴ፣ እንግዲያው የእርማቱ ቀን ከመዝገብ ይወሰድ፣ የማንም ግምት አያስፈልገው። ተማሪው ደግሞ በሚድ ሰሞን ይጠየቅ፤ ያኔ የማስተካክለው ነገር ይኖረኛል። እድገት ኮሚቴ ውስጥ ያላችሁ፣ የፈተና ወረቀት አስቀርባችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ?