ማውስን በግራፊክስ ታብሌት መተካት ያዋጣል?

ገጽ አቀናባሪዋ፦
ሰላም የቤቱ ሰዎች። አንድ ነገር ላማክራችሁ። ሥራዬ የመጽሔት ገጽ ማቀናበር ነው። ቀኑን ሙሉ ጽሑፍ ሳስተካክል፣ ፎቶ ከጀርባው እየቆረጥኩ ሳወጣ፣ በመሃል ደግሞ ኤክሴል ስሞላ ነው የምውለው። ከሰዓት በኋላ የቀኝ እጄ አንጓ ማቃጠል ይጀምራል። ማውስ ቀያየርኩ፣ የእጅ መደገፊያ ያለው ፓድም ገዛሁ፤ ወይ ፍንክች።

ሰዓሊ አይደለሁም፤ ቀጥ ያለ መስመር እንኳ አይወጣልኝም። ታብሌትን ለሥዕል ሳይሆን እንዲሁ በማውስ ፋንታ የሚጠቀም ሰው አለ? ስክሪን ያለውን አይደለም፤ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠውን፣ በብዕር የሚነካውን ጥቁር ሰሌዳ ነው። ትልቁ ይሻላል ትንሹ?

ካርታ ሠሪው፦
አለ፣ እኔ ነኝ። ከሳተላይት ምስል ላይ መንገድና ወንዝ እየተከተልኩ ወደ ካርታ አወጣለሁ። በማውስ እሱን ቀኑን ሙሉ መሥራት ቅጣት ነው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እወቂ። ማውስ የሚያውቀው ምን ያህል እንደተንቀሳቀሰ ብቻ ነው። አንስተሽ ሌላ ቦታ ብታስቀምጪው ጠቋሚው ካለበት አይነቃነቅም። ታብሌት ግን ቦታ ያውቃል። የታብሌቱ ቀኝ ጥግ የስክሪኑ ቀኝ ጥግ ነው። ብዕሩን እዚያ ካደረስሽው ጠቋሚውም እዚያ ነው፣ አለቀ። ጀማሪ ሁሉ የሚበሳጨው እዚህ ላይ ነው፤ ብዕሩን እንደ ማውስ እየገፋ መውሰድ ይፈልጋል። ድራይቨሩ (ታብሌቱን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም) ውስጥ «ማውስ ሞድ» የሚባል አለ፣ አትንኪው። እጅሽ ቦታውን አንዴ ከለመደ ጠቋሚው የት ገባ ብለሽ መፈለግ ይቀራል።

መጠኑን ካነሳሽ ትንሹን ውሰጂ። ብዙ ሰው ትልቁን ይመክርሻል። ለሰዓሊ እውነት ነው፤ ከትከሻው የሚመጣ ረጅም መስመር ይፈልጋል። ያንቺ ክንድ ግን ከሜኑ እስከ ገጹ ግርጌ ሲመላለስ ይውላል። ሁለት ስክሪን ካለሽ ደግሞ ታብሌቱን በአንዱ ላይ ብቻ አድርጊውና መቀያየሪያ ቁልፍ ስጪው። ሁለቱን ባንዴ እንዲሸፍን ከተውሽው ጠቋሚው ወደ ጎን ሲሄድ ይዘላል፤ ክብ ስትስዪም ሞላላ ይወጣል።

8192 የግፊት ደረጃ (ብዕሩን ምን ያህል እንደተጫንሽው የሚለይበት) ምናምን የሚለውን ማስታወቂያ እለፊው፤ ለክሊክ ምን ያደርግልሻል? ብዕሩ ባትሪ የማይፈልግ ይሁን እንጂ።

አንጓሽን በተመለከተ፣ ማውስ ስትይዢ መዳፍሽ ወደ ታች ይገለበጣል፣ ክንድሽም አብሮ ይጠመዘዛል። ብዕር ስትይዢ እጅሽ በጎኑ ያርፋል። እኔን የገላገለኝ እሱ ነው። ግን ብዕሩን አንቀሽ ከያዝሽው ሕመሙ ወደ አውራ ጣትሽ ይዞራል። ሐኪም አይደለሁም፤ ጣትሽ የሚደነዝዝ ወይም ማታ ከእንቅልፍ የሚያነቃሽ ከሆነ ዕቃ ከመቀየርሽ በፊት ሐኪም ጋ ሂጂ።

ኪቦርዴን አትንኩ፦
እኔ አልስማማም። ኤክሴል ላይ ብዕር ማለት ሾርባን በሹካ ነው። ስክሮል የሚያደርግ ጎማ የለውም። የሴሉ ጥግ ላይ ያለችውን ሚጢጢ ካሬ ይዘሽ ለመጎተት ስትሞክሪ ሌላ ነገር ትይዣለሽ። ቁጥር ለመጻፍ ብዕር ማስቀመጥ፣ ከዚያ መልሶ ማንሳት። ጌም የምትጫወቺ ከሆነማ እርሺው፤ ተኩስ ያለበት ጌም ላይ ካሜራው እንዳበደ ይሽከረከራል። ታብሌት የሚያሞግሱት ኦሱ የሚባለውን የሪትም ጌም የሚጫወቱት ናቸው። በጎን የሚያዘውን ቁም ማውስ ሞክሪ። ይሄ የብዕር ነገር አዲስ ፋሽን ነው።

ካርታ ሠሪው፦
ኤክሴሉ ላይ እጅ ሰጥቻለሁ፣ ልክ ነህ። ቁም ማውስም መጥፎ ምክር አይደለም። ፋሽን ያልከው ግን አይሆንም። የማውስ ፈልሳፊው ዳግላስ ኤንግልባርት ማውስን ለሕዝብ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። ራንድ ታብሌት የሚባለው ባለብዕር መሣሪያ በ1964 ወጥቶ ነበር።

ደግሞ አንዱን ለመያዝ ሌላውን መጣል ማን አለ? ሁለቱም እኩል ይሰካሉ። ታብሌቱ በቀኜ፣ ማውሱ በግራዬ ነው። በግራ እጄ ጎማውን አሽከረክራለሁ፣ በቀኜ እሠራለሁ። ስጽፍም ብዕሩን አላስቀምጥም፤ በጣቶቼ መሃል ሸጉጬ እተይባለሁ። መጀመሪያ ያስቃል፣ ኋላ ይለመዳል።

ገጽ አቀናባሪዋ፦
ከሥራ ባልደረባዬ ትንሹን ተውሼ እየሞከርኩ ነው። ፎቶ መቁረጡ ልዩ ነው! የፀጉር ጠርዝ ላይ በማውስ ስንት ጊዜ ስንገላታ ኖሬያለሁ። ግን ደብል ክሊክ እምቢ አለኝ፤ ፎልደሩ በመከፈት ፋንታ ይጎተታል። ጫን ስል ደግሞ ስክሪኑ ላይ ክብ ነገር ይመጣና ሁሉም ይዘገያል። ዊንዶውስ ነው።

ግራኙ፦
ሁለቱም በሴቲንግ የሚፈታ ነው። ደብል ክሊክን በጫፉ አትታገዪው፤ ብዕሩ ላይ ካሉት ቁልፎች ለአንዱ ስጪው፣ ሌላውን ራይት ክሊክ አድርጊው። ብዕሩን ገጹን ሳታስነኪ ከላዩ አንሳፊና ቁልፉን ተጫኚ፤ በሚሊሜትሮች ርቀት ላይ ሆኖም ያነብልሻል። የግድ በጫፉ ካልሽ ድራይቨሩ ውስጥ የደብል ክሊኩን ርቀት አስፊው።

ክቡ የዊንዶውስ ነው። ብዕሩን ተጭነሽ ስትቆዪ ራይት ክሊክ ፈልጋ ነው ብሎ ያስባል። እሱን አጥፊው። ካልበቃሽ ድራይቨሩ ውስጥ ዊንዶውስ ኢንክ (የዊንዶውስ የራሱ የብዕር አሠራር) የሚለው ላይ ያለውን ምልክት አንሺ። አንዳንድ ፕሮግራሞች ላይ የግፊት ስሜቱ ሊጠፋ ይችላል፤ ክሊክ ብቻ ከሆነ የምትፈልጊው አይጎዳሽም።

ታብሌቱን ደግሞ ከስክሪኑ ትይዩ አስቀምጪው። ትንሽ ከዞረ ጠቋሚው ሰያፍ ይሄድብሻል። እኔ ግራኝ ስለሆንኩ ገልብጬ ነው የምጠቀመው፣ ድራይቨሩ በ180 ዲግሪ ያዞረዋል።

ገጽ አቀናባሪዋ፦
ክቡ ጠፋ፣ ተባረክ! ኤክሴሉን በማውስ እቀጥላለሁ፣ ሌላውን በብዕር። የራሴን ልገዛ ነው። የብዕሩ ጫፍ ያልቃል የሚሉት እውነት ነው?

ግራኙ፦
ያልቃል። ፕላስቲክ ነው፣ መለዋወጫ አብሮት ይመጣል። ገጹ ሻካራ ከሆነ ቶሎ ይበላዋል። ጫፉ በአንድ ጎኑ ተስሎ ጠርዝ ካወጣ ቀይሪው፤ አለበለዚያ ታብሌቱን ይቧጭረዋል።