ለእህቴ ሠርግ ላውጣ ወይስ ነጥቤን ልጠብቅ?

የማታ ሺፍት (መስከረም 2016)

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ፓርኪንግ ነው የምሠራው። የማታ ፈረቃ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት በኋላ የሚመጣ መኪና ስለሌለ ስልኬን ከፍቼ ቁጥር አያለሁ። በሽታ ሆኖብኛል።

መጋቢት 2014 ላይ ጂኤምኤክስ የሚባል የክሪፕቶ ቶክን 120 ገዝቼ አርቢትረም በሚባል ብሎክቼይን ላይ ስቴክ አደረግሁ፤ ሳልሸጥ አስቀመጥኩት ማለት ነው። ለማታውቁት፣ ጂኤምኤክስ ሰዎች ክሪፕቶ በሌቨሬጅ፣ ማለትም ካላቸው በላይ በብድር፣ የሚነግዱበት መድረክ ነው። ከነጋዴዎቹ ከሚሰበሰበው ፊ (ክፍያ) 30 በመቶው ስቴክ ላደረግን ይከፋፈላል፤ የሚደርሰኝ ኢተር በሚባለው ክሪፕቶ ነው። በዚያ ላይ መልቲፕላየር ፖይንት የሚባል አለ። አንድ ቶክን ዓመት ሙሉ ሳይነካ ከቆየ አንድ ነጥብ ይወልዳል። ነጥቡ አይሸጥም፣ ለሰው አይላክም። ፊ ሲከፋፈል ግን እንደ ቶክን ይቆጠራል። 18 ወር ስለሞላኝ አሁን 120 ቶክንና 180 ነጥብ አለኝ።

እህቴ ጥር ላይ ባሕር ዳር ልታገባ ነው። ከኔ የሚጠበቀው 1 ሺህ ዶላር ነው። 30 ቶክን ብሸጥ ይሞላል። ግን ከቶክኔ ሩቡን ካወጣሁ ከነጥቤም ሩቡ ይቃጠላል። 45 ነጥብ ድራሹ ይጠፋል። ነገ 30ውን መልሼ ብገዛ እንኳ የነሱ ነጥብ ከዜሮ ነው የሚጀምረው።

የሚገርመው፣ ቶክኑን መሸጡ ብዙም አላሳሰበኝም። ነጥቡ ነው አንጀቴን የሚበላኝ። ክሬዲት ካርዴ ላይ ልጫነው እያልኩ ነው። ምን ትሉኛላችሁ?

ሒሳብ ይቅደም

ወንድሜ፣ በወር ስንት ነው የምታገኘው? የካርድህስ ወለድ ስንት ነው?

የማታ ሺፍት

ባለፈው ወር ወደ 30 ዶላር ደርሶኛል። ካርዱ 24 በመቶ ነው።

ሒሳብ ይቅደም

በል እንግዲህ። አሁን ፊ ሲከፋፈል የሚቆጠርልህ ክብደት 300 ነው፣ 120 ሲደመር 180። ካወጣህ 225 ይሆናል። በወር 7 ዶላር ከ50 ሳንቲም ቀረብህ ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ የተቃጠለው ነጥብ ድርሻ 4 ዶላር ከ50 ነው። ካርዱ ደግሞ ለ1 ሺህ ዶላር በወር 20 ዶላር ወለድ ይበላሃል። አንተ የ4 ዶላር ነጥብ ለማዳን 20 ዶላር ልትከፍል ነው።

ሌላም ልጨምርልህ። የመጀመሪያው ዓመት ነጥብ ክብደትህን በእጥፍ አሳደገው። ሁለተኛው ዓመት ከ2 ወደ 3 ነው የሚወስድህ፣ ግማሽ ብቻ ነው የሚጨምርልህ። ሦስተኛው ሲሶ። ጥቅሙ በየዓመቱ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ብትወጣ የሚቃጠለው ክምር ግን እያደገ ነው። ስለዚህ ነጥቡ ብዙ በማይጠቅምህ ጊዜ ነው አብልጦ የሚያስርህ። ደግሞ ሁሉም ሰው ቁጭ ካለ የሁሉም ነጥብ አብሮ ያድጋል። ያንተ ድርሻ የሚሰፋው ሌላው ሲወጣ ወይም ዘግይቶ ሲገባ ነው።

ተቃጥሎ ያየ

እኔ የገባሁበትን ስሙን አልጠራውም። ያንተ እንኳ ደግ ነው፣ ባወጣኸው ልክ ነው የሚያቃጥለው። የኔው አንዲት ቶክን ብታወጣ ነጥቡን በሙሉ ዜሮ ያደርገዋል። ዘጠኝ ወር አጠራቀምኩ። ዋጋው መውረድ ሲጀምር "አሁን ብወጣ የዘጠኝ ወር ልፋቴ ገደል ገባ" ብዬ ተቀመጥኩ። ግማሽ ሆነ፣ ተቀመጥኩ። ሩብ ሆነ፣ አሁንም ተቀመጥኩ። በመጨረሻ ነጥቤ ሞልቶ ተረፈ፣ የሚያበዛው ነገር ግን አልነበረም። ሚስቴ እስከዛሬ "ነጥቡስ እንዴት ነው?" ትለኛለች፤ ቡና በተፈላ ቁጥር።

ቀጭን ሻይ

እኔ በተቃራኒው ነኝ። ወንዶቹ ነጥብን ሰይጣን አደረጋችሁት እኮ! እናቴ ኮልፌ የእድር አባል ናት። ከእድሯ ወጥቶ መመለስ የፈለገ ሰው እንደ አዲስ መግቢያ ይከፍላል። የከፈለው ዓመት ሁሉ አይቆጠርለትም። ለዚህ ነው ሰው ቢቸግረው እንኳ ተበድሮ ወርሃዊውን የሚከፍለው። ባይሆን ኖሮ ጤነኛው ሁሉ ወጥቶ ሲታመም ይመለስ ነበር።

ኢንተርኔት ኮምፒውተር የሚባል ብሎክቼይን ላይ ኒውሮን አለኝ፤ ድምፅ ለመስጠት የተቆለፈ ቶክን ማለት ነው። እዚያ ደግሞ ጠንከር ይላል። ድምፅ ለመስጠት ቢያንስ 6 ወር መቆለፍ አለብሽ፤ 8 ዓመት ከቆለፍሽ ድምፅሽ እጥፍ ይሆናል። ከዚያ የዕድሜ ጉርሻ አለ። 4 ዓመት ሲሞላው እስከ 25 በመቶ ይደርሳል። ታዲያ መፍታት የሚያስጀምረውን ዲዞልቭ የሚለውን ቁልፍ ከነካሽ ገንዘቡ ገና ሳይወጣ ዕድሜው ዜሮ ይሆናል። እኔ ግን ወድጄዋለሁ። ስለ ሲስተሙ የሚወስነው ሰው ነገ ጥሎ የሚሄድ እንዲሆን አልፈልግም። ካርዳኖ የሚባል ሌላ ብሎክቼይን ላይም አለኝ፤ በ2013 ከኢትዮጵያ ትምህርት ሚኒስቴር ጋር የተደረገው ስምምነት ሲወራ ነው የገባሁት። እዚያ መቆለፍ የሚባል ነገር የለም፤ በፈለግሽ ቀን ታወጫለሽ። እውነቱን ልናገር፣ ሦስቴ አውጥቻለሁ።

ተቃጥሎ ያየ

እህቴ፣ የእድሩስ ገባኝ። ግን እድር ሰው ሲሞት ድንኳንና ብረት ድስት ይዞ ይመጣል። የኔው ሲሞት ማንም አልመጣም።

ቀጭን ሻይ

ሃሃ፣ ይሄን እንኳ አሸንፈኸኛል። ጠያቂው ግን ለሠርግ አውጣ። እህት አንዴ ነው የምትዳረው። ስትልክ ደግሞ ወደ ዶላር ቀይረህ በደንበኛው መንገድ ላክላት። ብሔራዊ ባንክ በ2014 በክሪፕቶ መገበያየት አልተፈቀደም ብሎ አስጠንቅቋል። ሙሽራዋን ጣጣ ውስጥ እንዳትከታት።

የማታ ሺፍት

አመሰግናለሁ፣ ኑሩልኝ። ትናንት ሌሊት 30ውን አወጣሁ። ብሩ ዛሬ ጠዋት ደርሷታል፤ እልልታዋን በቮይስ ልካልኛለች። 180 የነበረው 135 ሲሆን ግን፣ አልዋሻችሁም፣ ሆዴ ባባ። ስክሪኑ ላይ አፍጥጬ ስቀመጥ አንድ ሰውዬ መስኮቱን አንኳኳ። ቲኬቱ ጠፍቶበት ነው።