ለወላጆች የጋብቻ በዓል ሥዕል ማሠራት ለምትፈልጉ

እማዬና አባዬ ጥር ላይ 40 ዓመት ደፈኑ። ወርቅ እንዳንገዛ እማዬ ከሎቲዋ ሌላ አታደርግም፤ ድግሱንም «ለማን ብላችሁ!» ብላ ከለከለች። ስለዚህ ከእህቶቼ ጋር (አንዷ ቨርጂኒያ ናት) ተዋጥተን የ1978ቱን የሠርግ ፎቶ በሰዓሊ አሠራን። «የት ነው ያሠራችሁት?» የሚለኝ ስለበዛ አዲስ አበባ ውስጥ የዞርኩትን ልጻፈው።

መጀመሪያ የሄድኩት ፎቶ ቤት ነው። ፎቶውን ሸራ ላይ ያትሙታል፤ ይፈጥናል፣ ርካሽም ነው። በዓሉ ከነገ ወዲያ ከሆነ እሱን ያዙ። ግን አንዱ ቤት «በእጅ የተሣለ የዘይት ቀለም ነው» ብሎ ሊሸጥልኝ ነበር። ሸራውን ወደ መስኮቱ አዘንብዬ አየሁት። የብሩሽ ፈለግ የሚመስለው ከላይ የተቀባ ቫርኒሽ ነው፤ የሙሽራዋን አፍንጫም ከኋላዋ ያለውን መጋረጃም እኩል አቋርጦት ያልፋል። አፍንጫን እንደ መጋረጃ የሚቀባ ሰዓሊ የለም።

ቀጥሎ ብራና ላይ በባህላዊው ስልት ሞከርን። ቸርችል ጎዳና ካሉት የስጦታ ዕቃ መደብሮች ዝግጁውን ታገኛላችሁ፤ እኛ ግን በትእዛዝ አልን። ንድፉ ሲመጣ አባዬ ወደ እማዬ ዞሮ በጎን፣ በአንድ ዓይን ወጥቷል! በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ወግ ጻድቁ ሁለት ዓይኑ እየታየ ነው የሚሣለው፤ በጎን የሚወጣው ክፉው ነው። ታላቅ እህቴ «አባዬን ይሁዳ አደረጋችሁት» ብላ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ደግነቱ ገና ንድፍ ነበር። የትም እዘዙ፣ ቀለም ከመነካቱ በፊት ንድፉን እዩ። ስልቱን አልጠላሁትም፤ መልክ ይምሰልልኝ ለሚል ግን አይሆንም።

በመጨረሻ የሰጠነው ከአለ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ለወጣ ወጣት ሰዓሊ ነው፤ የእኔም ጥቆማ ይኸው ነው። አለ ፈለገሰላም በ1950 ዓ.ም. የመሠረቱት ትምህርት ቤት ነው፤ ተመራቂዎቹ ሥራቸውን ለሕዝብ ሲያሳዩ ሄዳችሁ ብትመርጡ ጥሩ ነው። ስልክ ላይ ያለ ፎቶ አትመኑ። በተለይ የሣለውን እጅ እዩ፤ እጅ የማይሆንለት ከአበባ ጀርባ ይደብቀዋል።

ግማሹን ቀብድ ከፈልን። ፎቶው ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ልጁ የሚዜዋን ቀሚስ ቀለም ጠየቀን። ማን ያውቃል? እማዬ እንዳትሰማ አክስታችን ጋ ደወልን። «ቢጫ ነው፣ እኔው ነኝ የሰፋሁት» አለች።

የዘይት ቀለም ቶሎ አይደርቅም፤ ስሱ ቀናት፣ ወፍራሙ ሳምንታት ይፈልጋል። ቢያንስ ከ2 ወር በፊት እዘዙ፣ ክረምት ከሆነ ጨምሩበት። ለሚቸኩል አክሪሊክ አለ፤ በሰዓታት ይደርቃል። ለውጭ አገር የምትልኩ ከሆነ ፍሬም አታስገቡት፤ በደንብ ሲደርቅ ቀለሙን ወደ ውጭ አድርጋችሁ ጠቅልሉት።

አሁን ሳሎን ከቡፌው በላይ ተሰቅሏል። አባዬ ዝም ብሎ ብዙ ቆየ። እማዬ መነጽሯን አድርጋ ቀረብ አለችና «ቢጫው እንኳ ከዚህ ይደምቅ ነበር» አለች።