ለግቢ ጋራዥ የሚሆን አልትራሶኒክ ማጠቢያ፦ የትኛው ይሻላል?

ጥያቄ፦ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ግቢ ውስጥ ላለች ትንሽ ጋራዥ አልትራሶኒክ ማጠቢያ (ውሃውን በፈጣን ንዝረት እያነዘረ፣ በሚፈርሱ ጥቃቅን አረፋዎች ዕቃ የሚያጥብ ገንዳ) ልገዛ ነው። የሚታጠበው በብዛት የባጃጅ ካርቡረተር፣ የቪትዝ ትሮትል ቦዲ (ወደ ሞተር የሚገባውን አየር የሚቆጣጠረው) እና ኢንጀክተር (ነዳጅ ረጪው) ነው፤ አልፎ አልፎ ቴስታታም (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ይመጣል። 3 ሊትር ይበቃል ወይስ 10? በምንስ ይታጠባል? የምታውቁ ጠቁሙኝ።

መልስ፦ ሊትሩን ተወውና የገንዳውን ውስጥ በሜትር ለካ። ከቻይና የሚገባው የተለመደው 3 ሊትር 24 በ13.5 በ10 ሴ.ሜ. ነው። ካርቡረተር ይገባበታል፤ ግን ቅርጫቱ ከታች ቦታ ስለሚወስድ አናቱ ከውሃ በላይ ይቀራል፣ ውሃ ያልነካው ደግሞ አይታጠብም። 6 ሊትሩ 30 በ15 በ15 ነው፤ ለአንተ ሥራ እሱ ልክ ነው። ትሮትል ቦዲ ከካርቡረተር ጋር አብሮ ይግባልኝ ካልክ 30 በ24 በ15 የሆነውን 10 ሊትር ውሰድ። ለቴስታታ ብለህ 15 ሊትር እንዳትገዛ። ርዝመቱ 33 ሴ.ሜ. ነው፣ የአራት ሲሊንደር ቴስታታ አይተኛበትም። ለአልፎ አልፎ ሥራ 30 ሊትር ሞልቶ ማሞቅም አያዋጣም፤ ቴስታታውን በነጭ ጋዝና በብሩሽ እጠበው።

ሻጩ «480 ዋት ነው» ሲልህ የምኑ ዋት እንደሆነ ጠይቅ። በ6 ሊትሩ ላይ 300ው የማሞቂያው ነው፤ የሚያጥበው 180ው፣ ማለትም ከገንዳው ሥር የተለጠፉት ሦስት ባለ 60 ዋት ነዛሪዎች ናቸው። 10 ሊትሩ አራት አለው፣ 240 ዋት። የንዝረቱ ፍጥነት 40 ኪሎ ኸርዝ መሆኑ ለካርቡረተር ቀጫጭን ቀዳዳዎች ተስማሚ ነው። ወርቅ ቤትና መነጽር ቤት የምታያት ባለ 35 ዋት ፕላስቲክ ለዚህ ሥራ አትሆንም፤ ርካሽ ናት ብለህ እንዳትታለል።

ገንዘቡን ከመክፈልህ በፊት እዚያው ሱቁ ውስጥ ፈትሽ። ገንዳውን እስከ ምልክቱ ሙላ፣ ላርጎ ጠብ አድርግበት፣ የኩሽና ፎይል ወጥረህ ታቹን ሳይነካ አንጠልጥልና 1 ደቂቃ አስነሳው። ደህና ከሆነ ፎይሉ ከዳር እስከ ዳር እንደ ወንፊት ተበሳስቶ ይወጣል። አንዱ ወገን ምንም ካልሆነ ከሥሩ ያለው ነዛሪ ሞቷል ወይም ተላቋል። ውሃ ሳይኖር «ድምፁን ስማ» ብሎ የሚያስነሳልህ ሻጭ ካጋጠመህ ያንን ዕቃ ተወው፤ በባዶ ሲሠራ ነዛሪው ግሎ ማጣበቂያው ይለቃል።

ሌላ መልስ፦ ከላይ ባለው እስማማለሁ፤ ግን ማሽኑ የሥራው ግማሽ ነው፣ ሌላው ግማሽ ፈሳሹ ነው። ላርጎ ዘይት ያነሳል እንጂ የደረቀ የቤንዚን ሙጫና ካርቦን አያነሳም። ኮስቲክ ሶዳ የሚመክር ካለ አትስማው፦ አልሙኒየም ይበላል፣ ካርቡረተሩ ጠቁሮና ተቦርቡሮ ይወጣል። ለአልሙኒየም የሚሆን መሆኑ የተጻፈበትን ማጠቢያ ግዛ። በማሸጊያው ላይ ባለው መጠን በውሃ አቅጥነው፤ 1 ለ10 ከሆነ ለ5 ሊትር ውሃ ግማሽ ሊትር ማለት ነው። ቤንዚንና ቲነር ገንዳ ውስጥ በጭራሽ! ንዝረቱ ተን ያደርገዋል፣ ከሥር ማሞቂያ አለ፣ ጎኑ ላይ ማብሪያ አለ።

የጉድጓድ ውሃ በማሞቂያው ላይ ኖራ ይሠራል፣ ዕቃው ላይም ነጭ ይቀባል። በክረምት የዝናብ ውሃ በጀሪካን አጠራቅም፤ በበጋ ዲስቲልድ (ተኖ የተጣራ) ውሃ ግዛ። «የባትሪ ውሃ» ብቻ ብለህ ከጠየቅህ ግን አሲዱን ሊሰጡህ ይችላሉና ስሙን ጠርተህ ጠይቅ።

6 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ በ300 ዋት 60 ዲግሪ ለማድረስ ከአንድ ሰዓት ያላነሰ ይፈጃል። የፈላና ቀዝቃዛ ውሃ እኩል ብትቀላቅል 55 ዲግሪ አካባቢ ይሆንልሃል፤ በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነውና። በዚሁ ምክንያት ማሞቂያውን 80 ላይ አታድርገው። ውሃው ለመፍላት ሲቃረብ በንዝረቱ የሚፈጠሩት የሚያጥቡት አረፋዎች በእንፋሎት ይሞላሉ፣ ሲፈርሱም ጉልበት የላቸውም። ከ50 እስከ 60 በቂ ነው።

ካርቡረተሩን ሙሉ በሙሉ ፍታ፦ ጄቶቹ፣ ተንሳፋፊው፣ መርፌው፣ ጓርኒሲዮኑና ላስቲኩ ሁሉ ይውጣ። ላስቲክ ገንዳ አይገባም። ጭቃና ግራሶውን በብሩሽ አስቀድመህ አንሳ፤ ካልሆነ የገንዳው ውሃ በአንድ ዕቃ ይጠቁራል። ዕቃ ሳታስገባ ማሽኑን 10 ደቂቃ አሠራውና ውሃው ውስጥ ያለው አየር ይውጣ። ከዚያ በቅርጫት 10 ደቂቃ፣ ገልብጠህ ሌላ 10። በሙቅ ውሃ አለቅልቀህ እያንዳንዱን ቀዳዳ በኮምፕሬሰር ንፋ። ብረት የሆነውን ወዲያው ዘይት ርጭበት፣ ደቂቃ ሳይቆይ ይዝጋል።

ሦስተኛ መልስ፦ ኢንጀክተሩን ከሂሳቡ አውጣው። ገንዳ ውስጥ ብትጥለው የሚታጠበው ውጪው ነው፤ መርፌው ዝግ ስለሆነ ውስጡ እንዳለ ይቀራል። እንዲከፈት በንዝረቱ መሀል የሚቆራረጥ ኤሌክትሪክ ያስፈልገዋል። ከባትሪ ቀጥታ ሰጥተህ ከያዝከው ደግሞ ጥቅልሉ ሊቃጠል ይችላል። መርማሪ ማሽን ላለው ቤት ስጠውና ሁለት ነገር ጠይቅ፦ ከመታጠቡ በፊትና በኋላ አራቱም የሚረጩት ፈሳሽ ልክ በማሽኑ የመስታወት ቱቦ ላይ ይታይልኛል ወይ? ኦሪንግና ማጣሪያው ይቀየራል ወይ? ልኩን የማያሳይህ ቤት ርካሽ ቢሆንም እለፈው። የናፍጣ ኮመን ሬል ኢንጀክተር ደግሞ ቤት ውስጥ አይነካም።

መብራቱንም አትርሳ። ጀርባው ላይ ያለው ጽሑፍ 110 ቮልት ከሆነ አትውሰደው። ገንዳው ብረት ነው፣ ውስጡ ውሃ ነው፤ ሶኬቱ አርዝ (የመሬት መስመር) ከሌለው መጀመሪያ እሱን አስተክል።

ጠያቂው፦ እሺ፣ 6 ሊትሩን እይዛለሁ። የታጠበበት ውሃስ የት ይደፋል?

መልስ፦ ክዳን ባለው ዕቃ አሳድረው። ከላይ የሚንሳፈፈውን ዘይት ቀድተህ ከተቃጠለው ዘይት ጀሪካን ጋር ቀላቅለው። መሀሉን ካጠለልከው ሁለት ሦስት ጊዜ ይሠራል። ከታች የሚቀረውን ዝቃጭ ለብቻው በጀሪካን ያዝ፤ ጉድጓድ ውሃ ባለበት ግቢ መሬት ላይ አይደፋም።