ለጤና ፍትሐዊነት ዘገባ የገንዘብና የመካሪ ድጋፍ፦ የጋራ ፕሮፖዛላችን ሁለተኛ ረቂቅ

ሰብሳቢ፦
የተከበራችሁ አባላት፣ በመጀመሪያው ረቂቅ ለ20 ጋዜጠኞች አነስተኛ ድጋፍ ለመስጠት አስበን ነበር። አስተያየታችሁን ካነበብኩ በኋላ ቁጥሩ ወደ 8 ዝቅ ቢል ይሻላል የሚል እምነት አድሮብኛል፤ ገንዘቡ አፋር ደርሶ ለመመለስ ካልበቃ ዘገባው አዲስ አበባ ተቀምጦ በስልክ መሠራቱ አይቀርም። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በጤና ተቋም የተከናወነው ወሊድ በአዲስ አበባ 97 በመቶ ሲሆን በአፋር 15 በመቶ ነበር። ቁጥሩን ከሰነድ እናገኘዋለን፤ ምክንያቱን ግን ቦታው ድረስ ሄዶ መጠየቅ ይጠይቃል።

አባል፣ ከባሕር ዳር፦
በስምንቱ እስማማለሁ፤ ሆኖም ለአንድ ዘገባ የሁለት ጉዞ ወጪ እንዲሸፈን ይጻፍልኝ። አምና ወደ አንድ ጤና ኬላ የሄድኩት በጋባዥ ድርጅት መኪናና የውሎ አበል ነበር። የክትባት ሠንጠረዡ በአዲስ ማርከር ተሞልቶ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ነጭ ጋዋን ለብሳ ጠበቀችን። ከሦስት ሳምንት በኋላ በራሴ ወጪ ስመለስ ኬላው ተቆልፎ፣ አንዲት እናት ልጇን እንዳዘለች ደጁ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። የመጀመሪያው ዘገባዬ ውሸት አልነበረበትም፤ የታየኝን ብቻ ነበር የጻፍኩት።

አባል፣ የጤና ባለሙያ፦
የተቆለፈው በር ግን ብቻውን ዜና አይሆንም። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በተዘረጋው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሠራተኞቹ ቤት ለቤት እየዞሩ እንዲያስተምሩ ስለሚጠበቅ፣ ኬላው የተዘጋው በሥራ ምክንያት ይሁን በሌላ መጣራት ነበረበት። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ጋዜጠኛ ከአንጋፋ አዘጋጅ በተጨማሪ አንድ የጤና ባለሙያ በመካሪነት ይመደብ። ባለሙያው ጥያቄዎቹን ያጠራል እንጂ ጽሑፉን አያጸድቅም፤ ይህ በግልጽ ይስፈር።

ገንዘብ ያዥ፦
የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 አስተዳደራዊ ወጪን በ20 በመቶ ስለሚገድብ፣ የጽሕፈት ቤቱን ድርሻ ከዚያ በታች አድርጌ አስተካክያለሁ።

ሰብሳቢ፦
ሁለተኛው ጉዞና የጤና ባለሙያው ረቂቁ ውስጥ ገብተዋል። የታካሚዎች ፈቃድም በሁለተኛው ጉዞ እንደገና እንዲጠየቅ ጨምሬበታለሁ፤ በመጀመሪያው ቀን እሺ ያለች እናት ሐሳቧን መቀየር ትችላለች። የባሕር ዳሩ ባልደረባችን የጉዞውን በጀት እስከ ዓርብ ቢልኩልን መልካም ነው፤ ከወረዳው ከተማ ወዲያ አውቶቡስ ስለማይገኝ የሞተር ብስክሌቱንና የአስተርጓሚውን ክፍያ እንዳይዘነጉ አደራ።