ያዘነበለ የጭቃ ቤት ጥገና፦ ከምን እንጀምር? (አዳማ)

ናዝሬት12፦
ሰላም ለሁላችሁ። የሰንበት ትምህርት ቤታችን ልጆች በዚህ ዐቢይ ጾም የአንዲት እናት ቤት ልንጠግን ተነሥተናል። ዘዳግም 22፥8 ሰው ከጣራ ወድቆ እንዳይሞት መከታ አድርግ ይላል፤ የእኛ ስጋት ደግሞ ጣራው ራሱ በልጆቹ ላይ እንዳይወድቅ ነው። ቤቱ 4 በ5 ሜትር ነው። በመንገድ በኩል ያለው ግድግዳ ወደ ውጭ አዘንብሏል፣ ቋሚዎቹ ከሥር በስብሰዋል፣ ነፋስ ሲነሣ ቆርቆሮው ይንኳኳል። ያሰብነው ግድግዳውን በሲሚንቶ ለስነን ቀለም መቀባት ነው። 12 ልጆችና አንድ አናጢ አለን፣ ብሩ ግን ጥቂት ነው።

ሞራሌና_ሚስማር፦
ወንድሜ፣ ልስኑን ተዉት። ጭቃ ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሲሚንቶ ግን አብሮት አይሄድም። ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ ውኃ ይገባል፣ ከዚያ መውጫ ያጣል። ከአንድ ሁለት ክረምት በኋላ ልስኑ ጭቃውን ይዞ ይገነጠላል፤ እስከዚያው እንጨቱ ከኋላ ሳይታይ ይበሰብሳል። ያማረ ግድግዳ ሰው ላይ ሲወድቅ አይታችሁ ይሆናል።

መጀመሪያ ቱንቢ ጣሉ (ክብደት የታሰረበት ገመድ ነው፣ ነቢዩ አሞጽ ያየው)። ግድግዳው ስንት ሴንቲ እንዳዘነበለ ጻፉና ከሳምንት በኋላ ድገሙት። ከጨመረ ቤተሰቡ ሥራው እስኪያልቅ ጎረቤት ይደር። ቋሚውን በካቻቢቴ መሬት ከሚነካበት ላይ ውጉት፤ እንደ ዳቦ ከገባላችሁ በስብሷል። ብዙ ጊዜ የሚበሰብሰው እዚያው አፈሩ አጠገብ ነው፤ ከፍ ብሎ ያለው ደህና ሊሆን ይችላል።

ከመቁረጥ በፊት ጣራውን የተሸከመውን አግዳሚ ከውስጥም ከውጭም በወፍራም አጣና ደግፉ። የድጋፉን እግር ጣውላ ላይ አቁሙት፤ የአዳማ አፈር ሲረጥብ ይሰምጣል። ከዚያ አንድ ቋሚ ብቻ፣ ሁለት ጎረቤታሞች በአንድ ቀን በፍጹም። የበሰበሰውን እስከ ጤነኛው ቁረጡ፣ 40 በ40 ሴንቲ፣ 50 ሴንቲ ጥልቀት ጉድጓድ ቆፍሩ፣ ኮንክሪቱን ከመሬት 30 ሴንቲ አውጡት። ሲሚንቶው የሚገባው እዚህ ነው፦ 1 ሲሚንቶ፣ 2 አሸዋ፣ 4 ጠጠር። ሳይደርቅ ባለ 8 ሚሊ ፌሮ ትከሉበት፣ ቋሚው በእሱ ይታሰራል። 7 ቀን ውኃ ይጠጣ፤ ድጋፉ እስከዚያ አይነሣ። ስለዚህ አንድ ቅዳሜ አይበቃችሁም፣ አስቀድማችሁ ተስማሙ።

ቆርቆሮው ላይ ነፋስ እንዳይወስደው ድንጋይ ወይም ጎማ ከተጫነ አውርዱ። በ2017 ታኅሣሥና ጥር የአዋሽ ፈንታሌ መንቀጥቀጥ እኛም ጋ ተሰምቷል፤ ያ ድንጋይ ያኔ የት ይወርዳል? ክብደት ሳይሆን ማሰሪያ ነው የሚያስፈልገው። እያንዳንዱን ወራጅ ከአግዳሚው ጋር በድርብ ሽቦ አጥብቁ፣ ሚስማር ብቻውን ይነቀላል። የቆርቆሮ ሚስማር በጉብታው አናት ይመታ፤ በረባዳው ከሆነ ውኃ ይገባል። በዳርና በጫፍ አዘውትሩ፣ ነፋስ የሚጀምረው ከዚያ ነው። የሰፋ አሮጌ ቀዳዳ ላይ መልሶ መምታት ዋጋ የለውም፣ አዲስ ቦታ ፈልጉና አሮጌውን ድፈኑ።

አፈርና_ጭድ፦
ከላይ በተባለው ላይ፦ ውኃው ካልራቀ አዲሱም እግር ይታጠባል። ከጣራው የሚንጠባጠበው ከሚያርፍበት ወዲያ ቦይ ቆፍሩ፣ በየ10 ሜትሩ ከ10 እስከ 20 ሴንቲ ይውረድ። መውጫው ወደ ጎረቤት ግቢ እንዳይሆን፤ ጥገናውን ጠብ ይበላዋል።

ለምርጊቱ ጭቃውን ከጤፍ ጭድ ጋር ቢያንስ ለሳምንት አቡኩት፣ በየሁለት ቀኑ ረግጣችሁ ገልብጡት። በእጅ ስትጠቀልሉት ከተሰነጠቀ ጭድ ወይም ውኃ ጎድሏል፤ ግድግዳ ላይ ሲደርቅ ከተሰነጠቀ ሸክላው በዝቷል፣ አሸዋ ጨምሩ። በስስ ሁለት ጊዜ ይሻላል፤ ሁለተኛው የሚለሰነው የመጀመሪያው ሲደርቅ ነው። ሰኔ ሳይገባ ጨርሱ።

የእድር_ጸሐፊ፦
ቤቱ የማን ነው? የቀበሌ ቤት ከሆነ ሳትነኩት ከሚያከራየው ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ያዙ፤ ያለዚያ እናቲቱ ናት የምትጠየቀው። የግል ከሆነም ጥገናውን ወረዳው ይወቀው። ደግሞም ልጆቿ የተሰለፉበትን ፎቶ ቴሌግራም ላይ አትለጥፉ፤ ማቴዎስ 6፥3 ቀኝህ የምትሠራውን ግራህ አትወቅ ይላል። ለሂሳብ የሚያስፈልገው ደረሰኙ ነው።

ናዝሬት12፦
እግዚአብሔር ይስጥልን። ቤቱ የራሷ ነው። ዛሬ በካቻቢቴ ሞከርነው፤ ጎን ለጎን ያሉ ሦስት ቋሚዎች ውስጥ እንደ ዳቦ ገባልን። ምስጥም አለ፤ የተቃጠለ ዘይት ይበቃል?

ሞራሌና_ሚስማር፦
ዘይቱ ላዩን ብቻ ነው የሚነካው፣ ምስጡ በውስጥ ይሄዳል። እንጨቱን ከአፈር የሚለየው ያ 30 ሴንቲ ኮንክሪት ይሻላችኋል፤ ምስጡ በላዩ የአፈር መንገድ ሲሠራ ስለሚታይ በየወሩ ይጠረግ። ሦስቱን ግን ሁሉንም ደግፉ፣ ማዕዘኑ አጠገብ ካለው ጀምሩ፣ ቀጣዩን የምትቆርጡት የመጀመሪያው 7 ቀን ሲሞላው ነው። ሦስት ቅዳሜ ያዙ፤ የመጨረሻው ድጋፍ የሚነሣው ግን በአራተኛው ነው።