«ቀዳዳ» ወይስ «ነቀላ»? የዚርኮኒያ ቃላት

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። በአንድ የቤተ ሙከራ መመሪያ ሃርድነስም ተፍነስም «ጥንካሬ» ተብለዋል። ያስኬዳል? ዚርኮኒያን (የዚርኮኒየም ኦክሳይድ ሴራሚክ) «የሴራሚክ አረብ ብረት» ማለትስ ብረት አለበት ለማለት ነው? በማይክሮስኮፕ የሚታየው ጥቁር ነጥብስ ሁሉ «ቀዳዳ» ይባላል?

መልስ፦ አያስኬድም። ሃርድነስ «ጥጥርነት» ነው፤ ሹል አልማዝ ሲጫነው አለመጎድጎድ። ተፍነስ የተጀመረን ስንጥቅ ባለበት መያዝ ነው፤ እኔ «ስንጥቅ ቻይነት» እለዋለሁ። ልዩነቱ በቁጥር ይታያል፦ አልሙና (የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ሴራሚክ) በቪከርስ የጥጥርነት መለኪያ 15 ጊጋፓስካልና ከዚያ በላይ ሲሆን፣ 3 ሞል ፐርሰንት ኢትሪያ (የኢትሪየም ኦክሳይድ) ያለው ዚርኮኒያ ከ12 እስከ 13 ነው። ስንጥቅ በመቻል ግን ዚርኮኒያው ይበልጣል። ስንጥቁ ጫፍ ላይ ያለው ቴትራጎናል ክሪስታል ወደ ሞኖክሊኒክ (ሁለቱም የዚርኮኒያ ክሪስታል ቅርጾች ናቸው) ሲለወጥ በይዘት 4 በመቶ ገደማ ያብጣል፤ እብጠቱም ስንጥቁን ይጨቁነዋል። «የሴራሚክ አረብ ብረት» የሚለው ሐረግ ይህን ጠባይ ነው የሚጠራው፤ ብረት የለበትም። ተመራማሪዎቹ ጋርቪ፣ ሃኒንክና ፓስኮ እ.ኤ.አ. በ1975 በኔቸር መጽሔት ላይ ሐረጉን በጥያቄ ምልክት ነው የጻፉት፤ ምልክቱን አትጣሉት።

ሌላ መልስ፦ ስለ ጥቁሩ ነጥብ ልጨምር፤ እዚህ ላይ የቃል ስህተት የውጤት ስህተት ይሆናል። ቀዳዳ ሲንተር ሲደረግ (ዱቄቱ በሙቀት ተያይዞ ሲጠጥር) የቀረ ባዶ ቦታ ነው፦ ጠርዙ ለስላሳ፣ አብዛኛውን ጊዜ ግሬይኖች (ሴራሚኩ የተሠራባቸው ጥቃቅን ክሪስታሎች) በሚገናኙበት ጥግ ላይ። ነቀላ ግን ሲሞረድ ተፈንቅሎ የወጣ ግሬይን የተወው ጉድጓድ ነው፦ ጠርዙ ማዕዘናማ፣ ብዙ ጊዜም በጭረት መስመር የተደረደረ። ለማረጋገጥ በ3 ማይክሮን አልማዝ ሌላ 10 ደቂቃ ወልውሉና ደግማችሁ ፎቶ አንሱ። ነቀላ ከሆነ ይቀንሳል፤ ቀዳዳ ከሆነ ድርሻው አይለወጥም።

ነቀላ የሚበዛው ከሻካራው ዲስክ በቀጥታ ወደ 1 ማይክሮን ሲዘለል ነው። ገጹ ያብረቀርቃል፣ ከሥሩ ያለው ጉዳት ግን አይነሳም፤ ደቃቅ አልማዝ የሚያነሳው ጥቂት ነውና። በአልማዝ ምላጭ በዝግታ፣ ውሃ እየፈሰሰበት ቁረጡ፤ በኢፖክሲ (በሚደርቅ ሙጫ) ያዙት፤ በአልማዝ ዲስክ ደልድሉት፤ ከዚያ 9፣ 3፣ 1 ማይክሮን፣ መጨረሻ 0.04 ማይክሮን ኮሎይዳል ሲሊካ (በፈሳሽ የተበተነ ደቃቅ ሲሊካ)። የቀደመው ጭረት ሳይጠፋ ወደ ቀጣዩ አትለፉ።

ጥያቄ፦ ኤቺንግስ (የግሬይን ድንበሮች በማይክሮስኮፕ እንዲታዩ ማድረግ)? «በአሲድ መብላት» ተብሏል።

መልስ፦ ለዚህ ሴራሚክ አይሆንም፤ የሚሠራበት ሙቀት ነው። «በሙቀት መግለጥ» ብትሉት ሥራውን ይናገራል፤ የግሬይን ድንበሮች ቦይ ሠርተው ይገለጣሉና። በ1450 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲንተር ለተደረገ፣ ከ1300 እስከ 1350 ላይ 20 ወይም 30 ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ ካለፈ ግሬይኖቹ ያድጋሉ፣ ልኬታችሁም ይዋሻል። ኢፖክሲውን አስቀድማችሁ አውጡ፤ ምድጃ ውስጥ ይቃጠላል። ኤክስሬይ ዲፍራክሽን (የክሪስታሉን ዓይነት የሚለይ ምርመራ) ካላችሁ ከማሞቃችሁ በፊት ይሁን፤ በመሞረድ የመጣው ሞኖክሊኒክ ሲሞቅ ወደ ቴትራጎናል ይመለሳል። ለኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ደግሞ ስስ ወርቅ ወይም ካርቦን ይቀባ፤ ዚርኮኒያ ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ ምስሉ ይነጣል።

«ግሬይን» እንዳለ ይቆይ ባይ ነኝ። «ቅንጣት» ለዱቄቱ ይሻላል፤ ሁለቱ ከተቀላቀሉ አንባቢው የሚለካው ከመተኮሱ በፊት ያለው ይሁን በኋላ ያለው አያውቅም።